የኩራዝ ውሃ

እኔ በተማርኩበት ዘመን ኮሜዲ ማለት ከእኛ ስላነሰ ሰው የሚነገር ታሪክ ነበር፤ ትራጄዲ ደግሞ ከእኛ ስለበለጠ ሰው። መምህራችን ይህን ብያኔ ጀርባውን እንደሰጠን በሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ እኔም በንጹሕ የእጅ ጽሑፌ ገለበጥኩት፣ ለፈተናም ሸመደድኩት። «እኛ» የተባለው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄውን ለመስማት አንድ ዕድሜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ የመጣውም ባለፈው ወር፣ በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ከልጅ ልጄ አፍ ነው።

ምህረት እዚሁ ሆሳዕና የሦስተኛ ዓመት የሚዲያ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ወደ እኔ ትመጣለች፤ ልብሷን አጥባ ታሰጣለች፤ ከዚያ ላፕቶፗን ከፍታ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ የምትጽፈውን አርማለሁ፤ ዕድሜ ልኩን ቀይ እስክሪብቶ የያዘ እጅ በጡረታ አይፈታም። በዚህ መንፈቅ ከሚማሯቸው ኮርሶች አንዱ የቴሌቪዥን ድራማ ዘውጎችንና ውክልናን የሚመለከት ነው። ድራማው በየትኛው ዘውግ ይመደባል፣ የቤተሰብ ነው ወይስ የወንጀል፣ ለማሳቅ ነው ወይስ ለማስለቀስ፤ በውስጡስ ማን እንዴት ሆኖ ቀረበ፣ ገበሬው፣ ሴቷ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሰው፤ ይህን ሁሉ እየነጣጠሉ ይመረምራሉ። ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በእኛ ጊዜ ስለ ባለታሪኩ ውድቀት እንጂ በር ስለሚከፍትለት ዘበኛ የሚጠይቅ መምህር አልነበረም።

የዚያን ቅዳሜ ያመጣችው የቤት ሥራ በአንድ የቆየ ድራማ ላይ የተሰጠ ነበር። መምህሩ ከዩቲዩብ አግኝቶ በክፍል አሳይቷቸዋል፤ አሥር ገጽ ጻፉበት ብሏቸዋል። ምህረት የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችልኝ። ድራማው በኮሜዲ ዘውግ የሚመደብ ነው፤ ባለታሪኳ ከገጠር ወደ ከተማ ቤተሰብ የመጣች ያልተማረች ሴት ናት፤ የዕቃዎችን ስም ስለማታውቅ በገለጻ ትጠራቸዋለች፤ በመጨረሻ ግን ትክክለኛውን ቃል ተምራ ስለምትናገር ውክልናዋ አዎንታዊ ነው። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ድራማውን አውቄው ነበር። ሥርዓተ ነጥቧን አላረምኩም። እሷ ግን የመጣችበት ጉዳይ ገና ነበር፤ ፊልሙን ወደ መጨረሻው ወስዳ አቆመችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ዳርና ዳሩ የደበዘዘ ነጭ ጽሑፍ፦ የቋንቋ አማካሪ፣ ታደለ ሱጌቦ።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ስም ነው እንዴ?»

የእኔ ነው አልኳት። ለምን ነግሬያት እንደማላውቅ ጠየቀችኝ። ለማምለጥ ያህል፣ መምህር የጨነቀው ጊዜ እንደሚያደርገው፣ ወደ ብያኔው ሸሸሁ፤ ኮሜዲ በእኛ ዘመን ምን ማለት እንደነበር አስረዳኋት። አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ።

«ከእኛ ያነሰ ሲባል፣ እኛ ማለት ማን ነው?» አለች።

ሳምንት እንድትሰጠኝ፣ እስከዚያም ጽሑፉን እንዳታስረክብ ለመንኳት። እሷ ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ከጎረቤት የሚሰማው የጄኔሬተር ጩኸት፣ ከአስፋልቱ የሚመጣው የባጃጅ ጡሩምባ፣ ሁሉም ራቀኝና አፍንጫዬን ሌላ ሽታ ሞላው፤ የኩራዝ ሽታ፤ የጠቆረ የጣሪያ ሣርና የነጭ ጋዝ ሽታ።

ዩኒቨርሲቲ በገባን ዓመት ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ሻይ በዳቦ የሚያዝ ተማሪ የባለጸጋ ልጅ ተብሎ ይጠረጠራል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ ጫማችን ባለ ወፍራም ሶል፣ ጠጉራችን ማበጠሪያ የሚሰብር ነበር። እኔ ከሆሳዕና ወዲያ ካለችው ከሆመቾ ማዶ የመጣሁ ልጅ ስለሆንኩ ሱሪው ላይ ደረስኩ እንጂ ጫማው ላይ አልደረስኩም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ስዩም ይባላል፤ የአራት ኪሎ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሲሄድ የሚያፏጭ፣ ገና በሁለተኛው ዓመት አጫጭር ተውኔቶችን ጽፎ በግቢው መድረክ ያሳየ። አንድ ቡናማ የከፈይ ጃኬት ነበረችው፤ ከጊዜ በኋላ የሁለታችን ሆነች። ቀጠሮ ያለው ይለብሳታል፤ ቀጠሮ የሌለው በሹራብ ያጠናል። ሁለታችንም ቀጠሮ ያለን ቀን ሳንቲም እንወረውር ነበር፤ አሁን ሳስበው ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። በዚያ ጃኬት ኪስ ውስጥ ያገኘሁት የሲኒማ ቲኬት ቁራጭ፣ የማላውቃት ልጅ የጻፈችው ወረቀት፣ የአስቴር ከረሜላ ልጣጭ ዛሬም በዓይኔ አለ።

ስዩምን የወደድኩት በጃኬቱ አይደለም። አማርኛዬ በዚያን ጊዜ ከአፌ ሲወጣ እግሩ ይያዝ ነበር፤ በቤታችን የምንናገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ከመጽሐፍና ከመምህራን ነው። በክፍል ውስጥ ተነሥቼ ስናገር ከኋላ የሚጉረመረም ሳቅ አለ። ስዩም አንድም ቀን አልሳቀም። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ማንም ሳይሰማ፣ ቃሉን ደግሞ በትክክሉ ይናገረውና ወሬውን ይቀጥላል፤ እኔም በልቤ እይዘዋለሁ። ያልሳቀብኝን ሰው አመንኩት። ሰው የሚታመነው በዚህ ካልሆነ በምን እንደሚታመን አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት አገሬን ላሳየው ይዤው መጣሁ። በቡታጅራ በኩል በጠጠሩ መንገድ፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ዶሮ እየጮኸ፣ ሆሳዕና ስንገባ አቧራና ጭቃ ተለውሶብን ነበር። ከሆሳዕና ወዲያ የሄድነው በእግር ነው። ስዩም ጃኬቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ሸሸጋት፤ እሱ ግን ረጠበ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን፤ እሳት ዳር አስቀምጣ ከቡላ የሚሠራውን አተካና አቀረበችለት፤ የወተቱንና የቅቤውን ትኩሳት መቋቋም አቅቶት ጣቱን ሲያራግፍ «ቀስ፣ ልጄ፤ አይሸሽም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ነበር የምትለው። ሁለት ሳምንት ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስትፍቅ፣ ስትጨምቅ፣ ስታወራ ይመለከታት ነበር።

እናቴ በሆሳዕና ገበያ ለቃቅማ የተማረችው አማርኛ ነበራት። ስዩም ይህን አማርኛ ሲሰማ አንድ ነገር ታዘበ። ላምን ላም አትልም፤ «የጥጃ እናት» ትላለች። ላባ «የዶሮ ልብስ» ነው፤ ላብ «የሥራ ውሃ» ነው። ኩራዙን ለመሙላት ጠርሙስ ይዛ ስትወጣ የምትገዛው ላምባ ሳይሆን «የኩራዝ ውሃ» ነው። ቃሉን አታውቅ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አስረዳሁት፤ በኩራትና በዝርዝር፣ እንደ ተማረ ሰው። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አታነሣም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ጎረቤቶቻችን ከንባታዎች ይህን ክልከላ ባሊሻ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ክልክል ቃል ሴቶቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት ሌላ ቃል አላቸው። የአያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ስም በ«ላ» ይጀምራል። እናቴ አያቴን ያገኘችው በእርጅናው ዘመን ነው፤ ሙሽራ ሆና ስትገባ በቤቱ ያከበራት እሱ ነበረ፤ እሷም ከሞተ በኋላ እንኳ የክልክሉን ቃል አጥር አልነካችም። አማርኛ ስትማር አጥሩን ወደ አማርኛ አሻገረችው። ማንም አላዘዛትም። ምትኩን ቃል ስትናገር ዓይኗን ወደ መሬት ዝቅ ታደርጋለች፤ ልክ አያቴ ባጠገቧ እንዳለፈ።

ስዩም ይህን ሰምቶ፣ «እናትህ እኮ ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ናት» አለኝ። ከዚህ የተሻለ አስተውሎ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ደብተሩን አወጣ፤ ቃላቱን በራሴ እጅ ጻፍኩለት፤ በግራ የተከለከለው፣ በቀኝ ምትኩ። ደብተሩን ስመልስለት አደራ አልኩት። የምን አደራ አለኝ፤ እናቴም አይደለች?

ከተመረቅን በኋላ እሱ አዲስ አበባ ቀረ፤ እኔ ለሆሳዕና ተመደብኩ። አባቴ እንደሞተ እናቴን ወደ ከተማ አመጣኋት። የዚያን ጊዜዋ ሆሳዕና ለዛሬው ሰው ብትነገር አትታመንም። መብራቱ የሚመጣው ከሞተር ነው፤ ሞተሩም በየጥቂት ቀኑ ያርፋል፤ ስለዚህ ኩራዝ ከማንም ቤት አይጠፋም። ዛሬ ሰፈር የሆነው ጎፈር ሜዳ ባሕር ዛፍና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ ነበሩበት። ቤታችን ጥግ ላይ የአወል ሱቅ አለ፤ በባንኮኒው ላይ ጨውና ሳሙና፣ የከረሜላ ጣሳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያዜም ሬዲዮ፤ በስተኋላ ደግሞ ዝገት የበላው በርሜል፣ በላዩ ቀይ ማንቆርቆሪያ። አወል ከእኔ ጥቂት ዓመታት ይበልጣል፤ ነጋዴ እንደመሆኑ ቋንቋችንን እንደ ገዛ ቋንቋው ይናገር ነበር። እናቴ «የኩራዝ ውሃ» ስትለው ጠርሙሱን ተቀብሎ ይሞላል፤ ሌላ ደንበኛ ቢኖርም ፊቱን አይለውጥም። አንድ ጠርሙስ በሠላሳ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ለእናቴ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውንም ያንጠባጥብላታል።

በዚህ መካከል የስዩም ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ድራማው በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል፤ «ስምህ አለበት፤ እናታችንን ይዘህ ተመልከት» ይላል። ደብዳቤውን ለርእሰ መምህሩ አሳየሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ፤ ቴሌቪዥን በከተማው ውስጥ እንደ ልብ አልነበረምና በቀበሌው አዳራሽ ያለውን እንዲከፍቱልን አስፈቀድኩ። አንቴናው ከምሰሶ ጋር የታሰረ ስለነበር አንድ ሰው ውጪ ቆሞ ሲያዞረው ሌላው ከውስጥ «በቃ፣ በቃ፣ አለፍከው» ይለዋል። አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቼ መሬት ተቀመጡ። እናቴ ለጸሎት የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ በፊተኛው ወንበር አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔ አዲሱን ግራጫ የቴትሮን ሱሪዬን አድርጌያለሁ።

ድራማውን ምህረት ከነገረቻችሁ በላይ መተረክ አያስፈልገኝም። ከገጠር ወደ ዘመዶቿ የመጣች ሴት ናት። «የጥጃ እናት» ስትል የቤቱ ልጆች ይንከባለላሉ። «የዶሮ ልብስ» ስትል ጎረቤት ይጠራል። «የኩራዝ ውሃ» ስትል ግን የሳቀው የድራማው ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ አዳራሹ ተናወጠ። የሳቁት እነማን ነበሩ? የእኛው ሰዎች ናቸው። እናቶቻቸው በየቤታቸው እንዲሁ አጥር አጥረው የሚናገሩ፣ የባላቸውን አባት ስም ሳያነሡ ያረጁ ሴቶች ናቸው። ከስክሪን ውስጥ ሲመጣ ግን የቤታቸው ነገር መሆኑን አላወቁትም፤ ወይም አውቀው፣ ሌላው እንዳያውቅባቸው ቀድመው ሳቁ። መጨረሻው ደግሞ ይህ ነበር፦ ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሁሉ ማታ ማታ የሚማርበት ዘመን ስለነበር፣ የቤቱ አባወራ ሴትዮዋን ሰሌዳ ፊት ያቆማታል፤ ፊደሉን በዘንግ እየነካ ያስነብባታል፤ እሷም መጀመሪያ ተንተባትባ፣ ኋላ እየፈገገች «ላምባ» ትላለች። ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ሙዚቃ ይገባል። ስም ይመጣል።

ቃሉ ሲነገር በአዳራሹ ያጨበጨቡ ብዙ ናቸው። እናቴ ግን ወደ ስክሪኑም ወደ ሕዝቡም አልተመለከተችም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጭኔ፣ ወደ እጆቼ ነበር የምታየው። ከዚያ ስሜ መጣ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰውዬ ጮኾ አነበበው፤ ሰው ተነሥቶ ጀርባዬን መታ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላዬ ወደ ቤት መጣች። ስዩም ላይ ያቃጠለኝ መዋሸቱ አይደለም። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ባለማወቅ ይታለፍ ነበር። እሱ ግን ስግደት መሆኑን ያውቃል፤ ያውም ከእኔ አስቀድሞ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ያንን አውቆ ምክንያቱን ቆርጦ ጣለና ቃሉን ብቻ ወሰደ። የሚሰግድን ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን አጥፍተህ ብታሳየው መሬት የሚልስ ሞኝ ይመስላል። አደራ በላ የሚባል ሰው ካለ እሱ ነው አልኩ፤ ይህንንም ፍርድ ለአርባ ዓመት ይግባኝ ሳይጠየቅበት ያዝኩት።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ለእናቴ ስም አወጣላት። በአጥር ሥር የሚያልፉ ተማሪዎች «የኩራዝ ውሃ!» ብለው ይሮጣሉ። አንዱን ይዤ ያንተ እናት አያትህን ማን ብላ ትጠራለች ብዬ ጠየቅኩት፤ ልጁ አለቀሰ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ጠርሙሷን ይዛ ከሱቅ ተመለሰች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ፈተና እያረምኩ ነበር። ጠርሙሱን ፊት ለፊቴ አስቀመጠችና፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ድንጋይ እያነሣች፣ «ላምባ ገዛሁ» አለች። ከዚያ ቆመች። ፊቴን አላየችም። እጆቼን ታይ ነበር።

እኔ ከተማው እንደሰበራት ገባኝ። አንድ ቃል ሳልናገራት ወጣሁና ትምህርት ቤት ሄጄ ለስዩም አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። በማግስቱ ሆመቾ እንድወስዳት ጠየቀችኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም በሕይወት ነበር፤ ደጁ ላይ ሆና፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ አጥሩን እንዳፈረሰች ነገረችው። «አንቺ አይደለሽም የተናገርሽው፤ ከተማ ነው ያናገረሽ» አላት። አልመለሰችለትም። የይቅርታ ሣር ነጭቶ ሰጣት፤ ተቀበለችው፤ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን አልተወችውም። በፊቴ በሆነች ቁጥር ላምባ ትላለች፣ ላም ትላለች፤ እየተናገረች አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። መብራት ሳይቋረጥ መምጣት ሲጀምር ኩራዙ ከቤታችን ወጣ፤ ቃሉም አብሮት ወጣ። እናቴም ተከትላቸው አረፈች።

የስዩም መልስ አጭር ነበር። «ወንድሜ ታደለ፣ እናታችንን አገር ወደዳት፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ደግሞ አብረን ተምረናል፤ ድራማ ፍጻሜ ይፈልጋል። ቃሉን ካልተናገረች ፍጻሜ የለውም።» ደግሜ አልጻፍኩለትም። እሱ አድጎ፣ ተሸልሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ማረፉን በሬዲዮ ሰማሁ። ሬዲዮውን ዘጋሁት። አዝኜ እንደሆነ እስካሁን ለይቼ አላውቅም፤ ያቺ ቡናማ ጃኬት የት ወደቀች ብዬ ማሰቤን ግን አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ለምህረት የምነግራት ይህን ነበር። ተማሪ ጽፎ የሚያስረክበው ነገር ስለሆነ ግን ያለ ምስክር መስጠት አልፈለግኩም። ረቡዕ ዕለት ሐጂ አወል ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ዛሬ በልጆቹ እጅ ባለ መስታወት የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ እሳቸው በስተጓሮ፣ በርሜሉ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን ለዩት። የልጅ ልጄን ጉዳይ ነገርኳቸው፤ እናቴ ያን ቃል መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ስትናገር ማን ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሳቀባት፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ስለ ስዩምም ተናገርኩ፤ ከተማውንም ከሰስኩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«መምህር፣ የዚያን ቀን ሱቅ ውስጥ ማንም አልነበረም» አሉኝ። «እኔና እሳቸው ብቻ ነን።»

ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ መድረቃቸውን፣ ምን አሉ ብለው መልሰው መጠየቃቸውን፣ እናቴም ደግማ መናገሯን ነገሩኝ። እንግዲህ እኔ እርስዎን ገፋሁዎት ወይ፣ ሳቅሁብዎት ወይ ብለው በቋንቋችን ጠይቀዋታል። የለም፣ ልጆቹም አይደሉም ብላቸዋለች፤ ልጅ ይጮሃል፣ ይደክመዋል፣ ይተዋል። ከዚያ የመለሰችላቸውን ሐጂ ወደ አማርኛ ሳያሻግሩ፣ በራሷ ቃል ነገሩኝ፤ እኔ ነኝ እዚህ የማሻግረው።

«ልጄ የተማረ ሰው ነው። በአዳራሹ ያቺ ሴት ስትለው አጨበጨበ። ከእኔ የሚፈልገው ይህ ከሆነ እንዴት እነፍገዋለሁ?»

ለእኔ እንዳይነግሩም አደራ ብላቸዋለች። «ይዤው ነበር» አሉኝ ሐጂ አወል። «አሁን ግን በሙት ላይ ስትፈርድ ሰማሁህ፤ እኔም ወደዚያው ነኝ። አፉ በለኝ።» መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

አጨብጭቤያለሁ። ቃሉ ሲነገር፣ ስሜ ሊመጣ መሆኑን አውቄ፣ እሱን እየጠበቅኩ፣ ከሁሉ ቀድሜ ይሁን ከሁሉ ጋር አላውቅም፣ አጨብጭቤያለሁ። ይህንን ከዚህ በላይ ባለው ገጽ አልጻፍኩም፤ አርባ ዓመት ለራሴም ሳልጽፈው የኖርኩትን ዛሬ በመጀመሪያው ረቂቅ ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ተሳስቷል። ጠርሙሱን ፊቴ አስቀምጣ የቆመችው ተሰብራ አልነበረም። እስካጨበጭብላት ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሌላ ሰው ከዳኝ ብዬ ለመጻፍ።

ቅዳሜ ምህረት መጣች። ልብሷን ሳታጥብ ቀድማ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጃኬቱን፣ ደብተሩን፣ አዳራሹን፣ ጠርሙሱን፤ ሐጂ የነገሩኝንም። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ እንዳረፉ ሳትጽፍ ሰማች። ምን እንደምትለኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ የተማሪ ጥያቄ ነው፤ መምህሯ ስንቱን ገጽ እንደገና እንድትጽፍ እንደሚፈቅድላት አታውቅም፤ አዎንታዊ የሚለውን ቃል ግን አጥፍታዋለች። ከዚያ ትንሽ አመነታች።

«አባባ፣ ስምዎን ልጥቀሰው ወይስ የቋንቋ አማካሪው ብዬ ልለፈው?»

«ጥቀሺው» አልኳት። «ከነአያቴ ጥቀሺው።»

«አያትዎ ማን ይባላሉ?»

ነገርኳት፤ ጻፈችው። ልማዴ ስለሆነ እንዳርመው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤ እኔም የተማሪን ሥራ ሳርም እንደማደርገው ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ። ታደለ። ሱጌቦ። ላሬቦ። በመጨረሻው ስም ላይ ዓይኔን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ እንደነበር ያወቅሁት፣ ምህረት ስክሪኑን ሳትመልሰው ፊቴን ስታይ ነው።